ፊክሲ ወይስ ፍሪዊል ያለው? ለኮምቦልቻና ለደሴ ግቢ የቱ ያዋጣል?

የቦርከና ልጅ | ኮምቦልቻ

ሰላም ጀመዓ፣ እንዴት ናችሁ? አንድ ነገር ላማክራችሁ። ኮምቦልቻ ግቢ ኢንጂነሪንግ ነኝ። ዘንድሮ ከዶርም ወጥቼ ከጓደኞቼ ጋር ውጪ ተከራይተናል። የባጃጅን ነገር ታውቁታላችሁ። ጠዋት ክላስ ሊጀምር ሲል ሰው ካልሞላ አይንቀሳቀስም፤ ማታ ደግሞ ኮንትራት ካልሆነ አልሄድም ይላል። ስለዚህ ሳይክል ልገዛ ነው።

ማርሽ ያለው አልፈልግም። የሰፈር ልጆች ባለ 21 ማርሽ ብለው የገዙትን አይቻለሁ፤ አንድ ክረምት ካለፈ በኋላ የሚሰራው አንዱ ማርሽ ብቻ ነው። ታዲያ ከነጭራሹ ባለ አንድ ማርሽ ብይዝስ? አንድ ልጅ ከአዲስ አበባ ያመጣው ያገለገለ ሳይክል ሊሸጥልኝ ነው። ስስ ጎማ፣ ቀጥ ያለ መሪ፣ የብረት ፍሬም፣ ስታነሳው ቀላል። የኋላ ጎማው ሁለት ወገን ነው። በአንዱ በኩል ፍሪዊል አለው፤ ፈተህ ብትገለብጠው ፊክስድ ይሆናል ይላል። ፊት 46፣ ኋላ በሁለቱም በኩል 16 ጥርስ። ፍሬኑ የፊት ብቻ ነው።

ልጁ "ፊክሲ ንዳ፣ ከሳይክሉ ጋር አንድ ትሆናለህ" ይለኛል። የዶርም ጓደኛዬ ደግሞ "ሐረጎ ላይ ከገደሉ ጋር አንድ ትሆናለህ" ይላል፤ ከደሴ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን ጠመዝማዛ መንገድ ማለቱ ነው። እናንተስ ምን ትላላችሁ? ወንድሜ ደሴ ግቢ ስለሆነ አንዳንዴ እዚያም ብነዳው ደስ ይለኛል። በመኪና ጭኜ ማለቴ ነው፣ አትሳቁብኝ።

ጦሳ ንፋስ | ደሴ

ወንድሜ አብሽር፣ ደህና ሳይክል ነው ያገኘኸው።

ለማያውቁት በአጭሩ ላስረዳ። ፊክሲ ማለት የኋላው ጥርስ ከጎማው ጋር ታስሮ የሚዞር ነው። ጎማው ከዞረ ፔዳሉም ይዞራል። እግርን አሳርፎ መንሳፈፍ የሚባል ነገር የለም። ባለ ፍሪዊሉ ሁላችንም በልጅነት የነዳነው ነው፤ መርገጥ ስታቆም ጠጠጠጠ እያለ ራሱ ይሄዳል። ሁለቱም ባለ አንድ ማርሽ ናቸው። ልዩነታቸው ያቺ ጠጠጠ ብቻ ናት።

እኔ አዲስ አበባ እያለሁ ፊክሲ ነድቻለሁ፤ ልቤ አሁንም እዚያው ነው። በእርጥብ ኮብልስቶን ላይ የኋላ ጎማህ ሸተት ሊል ሲል እግርህ ቀድሞ ያውቀዋል። ፍጥነት ለመቀነስ ፔዳሉን ትንሽ መቃወም ይበቃል። ግቢ ውስጥ ደግሞ ተማሪው መንገዱን ሞልቶ፣ ወሬውን ይዞ፣ ደወል ብትመታም አይሰማህም። በፊክሲ ከኋላው እንደ ሰው እርምጃ ቀስ ብለህ መከተል ትችላለህ፤ ፍሬን ያዝ ለቀቅ የለም። በዚህ ላይ ብዙ የሚበላሽ ነገር የለውም። ፍሪዊል ውስጥ ጭቃና ውሃ ገብቶ ሲያዳልጥ፣ ፔዳሉ ባዶውን ሲዞር አይታችኋል? ፊክሲ ላይ ያ የለም።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ግን ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ ተለማመድ። ለምዶብህ እግርህን ልታሳርፍ ስትል ፔዳሉ እንደ በቅሎ ያነሳሃል።

ካቴና | ኮምቦልቻ

ልጆች፣ እኔ ሳይክል ጠጋኝ ነኝ። ያረጀሁት ከካላማዳሪና ከሰንሰለት ጋር ነው። ፊክሱን አልነቅፍም፤ የሰራሁላቸው ልጆችም አሉ። ግን ከሁሉ በፊት ፍሬኑን እንነጋገር።

የፊት ብቻ ነው አልክ። በፊክሱ በኩል ከነዳኸው እግርህ የኋላ ፍሬን ይሆንልሃል። ከፊተኛው ጋር ሁለት ሆነ ማለት ነው። ጎማውን ገልብጠህ በፍሪዊሉ ስታደርገው ግን አንዱ ጠፋ። የቀረህ አንድ ገመድ ነው። ገመድ ደግሞ ሳይነግር ነው የሚበጠሰው፤ ጫፉ ላይ፣ እጀታው ውስጥ፣ ዓይን በማያየው ቦታ አንድ አንድ ሽቦ እየተበጠሰ ከርሞ አንድ ቀን ጠብ ይላል። ሻጩ "ሁለት ወገን ነው" ሲልህ ይህንን ነገረህ?

ስለዚህ መጀመሪያ የምታየው ከመቀመጫው በታች፣ ከኋላው ጎማ በላይ ያለችውን ድልድይ ነው። ፍሬን የሚታሰርበት ቀዳዳ አላት? ካላት የኋላ ፍሬን እንገጥማለን፣ ነገሩ አለቀ። ከሌላት ሳይክሉ ለሳይክል ውድድር ሜዳ ተብሎ የተሰራ ነው፤ በፍሪዊል መንዳቱን እርሳው።

ጦሳ ንፋስ | ደሴ

ጋሽ ካቴና ትክክል ናቸው። እንግሊዝ አገር እንኳ ሕጉ እንደዚሁ ነው የሚለው። ሁለት ፍሬን ግዴታ ነው፤ ፊክስድ ከሆነ የኋላው ጎማ እንደ አንድ ይቆጠርልሃል፣ የፊቱን ግን የግድ ትገጥማለህ። ፍሬን የሌላቸው የውድድር ሜዳ ሳይክሎች አሉ፤ እዚያ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ነው የሚሄደው፣ ባጃጅም በግም አይገባም። በኢንስታግራም አይታችሁ ያለ ፍሬን ፒያሳ እንዳትወጡ።

ላውንጅ ቁጭ | ኮምቦልቻ

እኔ የምለው፣ ለምን ትገዛለህ? የድሮውን የሰፈር ሳይክል አንሳና ፍሪዊሉን አስበይደው። ፊክሲ ሆነ። የሰፈራችን በያጅ በሻይ ዋጋ ይሰራልሃል።

ካቴና | ኮምቦልቻ

ኧረ በአላህ! ይህችን ነገር ማን እንደጀመራት ባወቅኩ።

ስማኝ ልጄ። ፍሪዊል ሃቡ (የጎማው እምብርት) ላይ የሚገባው በቀኝ ተጠምዝዞ ነው። ወደፊት በረገጥክ ቁጥር ይጠብቃል። አንተ በይደኸው ፔዳሉን ወደኋላ ስትቃወም ግን ምን እያደረግህ ነው? በገዛ እግርህ እየፈታኸው ነው። መፍቻ አያስፈልግህም፣ እግርህ መፍቻ ሆነ። የሚፈታው ደግሞ ቤት ቆሞ ሳለ አይደለም። ቁልቁለት ላይ፣ ልትቆም ስትቃወም፣ ያን ጊዜ ነው። ፔዳሉ ድንገት ወደኋላ ባዶውን ይዞራል፣ ጎማው ወደፊት ይሄዳል። ፍሬን ነው ብለህ የተማመንክበት እግርህ አየር ይረግጣል።

እውነተኛው የፊክሲ ሃብ ሁለት እርከን ፊሌቶ (እንደ ብሎን የሚጠመዘዝበት ጥርብ) አለው። ትልቁ ላይ ጥርሱ በቀኝ ይገባል። ከእሱ ውጪ ያለችው አነስ ያለችው ላይ ደግሞ መቆለፊያ ቀለበት በግራ ይገባል። ጥርሱ ሊፈታ ሲል ቀለበቱን ይገፋታል፤ እሷ ደግሞ በተቃራኒው ስለምትዞር ይበልጥ ትጠብቃለች። ብልሃቱ ሁሉ ይኸው ነው። ቀለበቷ የሌለበት ፊክሲ ፊክሲ አይደለም።

የተበየደ ፍሪዊል ያመጡልኝ ልጆች አሉ። አንዱን አስታውሳለሁ፤ ብየዳው ግሪሱን አቃጥሎት ውስጡ ከሰል መስሏል፣ መፍቻ የሚገባባት ቦታ በብየዳ ቀልጣ ተደፍናለች። በመዶሻና በመሮ ስንታገል ዋልን። በመጨረሻ የሃቡ ፊሌቶ አብሮ ተላጠ። ለአንድ ሻይ ብሎ ሙሉ የኋላ ጎማ ገዛ።

ላውንጅ ቁጭ | ኮምቦልቻ

እሺ ጋሼ፣ ይቅርብኝ። 😅

ሐይቅ ዳር | ደሴ ግቢ

ወንዶች ብቻ ናችሁ እንዴ የምትነዱት? እኔም ልጠይቅ። ደሴ ግቢ ነኝ፣ ቤተሰቦቼ ሐይቅ ናቸው። ረጅም ቀሚስ ነው የምለብሰው፣ አንዳንዴም አባያ። ሳይክል ሐይቅ እያለሁ የወንድሜን እነዳ ነበር። ከዶርም ላይብረሪ፣ ከላይብረሪ ክላስ ለመመላለስ ባለ አንድ ማርሽ ይበቃኛል ብዬ አስባለሁ። ጦሳ ንፋስ ያለው ፊክሲ ያጓጓል፤ ቀሚስ ይዤ ግን ይሆናል?

ጦሳ ንፋስ | ደሴ

እህቴ፣ ፊክሲን እየወደድኩትም ቢሆን ላንቺ አልመክርሽም። ጥያቄሽ ትልቅ ነገር ነው ያነሳው። ፍሪዊል ላይ ጨርቅ ሰንሰለቱ ውስጥ ከገባ መርገጥ ታቆሚያለሽ፤ ሰንሰለቱም ይቆማል። ሳይክሉ ተንሳፍፎ ሲቆም ወርደሽ፣ ፔዳሉን ወደኋላ አዙረሽ ጨርቁን ታወጪዋለሽ። ፊክሲ ላይ ግን ጎማው እስካልቆመ ድረስ ሰንሰለቱ አይቆምም። የያዘውን እየሳበ ይቀጥላል። ለሱሪ እግርና ለጫማ ክርም ቢሆን ያው ነው። ወንዶች የቀኝ ሱሪያቸውን የሚያጥፉት ለፋሽን እንዳይመስልሽ።

ካቴና | ኮምቦልቻ

ልጄ፣ ላንቺ የሚሆነው ሰንሰለቱ ሙሉ በሙሉ በቆርቆሮ የተሸፈነ ነው። ድሮ የህንድና የቻይና ከባዱ ሳይክል ላይ ይመጣ የነበረው ዓይነት። ከላይ ብቻ የሸፈነ አይደለም፤ ከላይም ከታችም ጥርሱንም የዋጠ መሆን አለበት። ዝናብና አቧራም ስለማይደርስበት ሰንሰለቱ ረዘም ላለ ጊዜ ይኖራል። ፍሬሙም መሃሉ ዝቅ ያለው የሴት የሚባለው ይሁን። የኋላውን ጎማ ዳርና ዳር በመረብ ወይም በፕላስቲክ ሸፍኚው፤ ሰው ሰንሰለቱን ብቻ ነው የሚፈራው፣ አባያ ግን ራጂ (የጎማው ሽቦዎች) ውስጥም ይገባል።

ሌላም አለ። አንዳንዱ ባለ አንድ ማርሽ ፔዳሉን ወደኋላ ስትረግጪው የሚይዝ ፍሬን በሃቡ ውስጥ አለው። የልጆች ሳይክል ላይ ታይዋለሽ። እንደ ፊክሲ በእግር ትቆሚያለሽ፣ እንደ ፍሪዊል ትንሳፈፊያለሽ። ጭቃም ውሃም አይነካውም። ግቢ ውስጥ ለመመላለስ ምንም አይወጣለትም። ረጅም ቁልቁለት ላይ ግን ሃቡ ይግላል፣ ግሪሱ ይቀልጣል፣ መያዙም ይደክማል። ስለዚህ የፊት ፍሬን ይጨመርበት።

ሐይቅ ዳር | ደሴ ግቢ

በጣም አመሰግናለሁ ጋሼ። እንደዚህ የሚያስረዳኝ አላገኘሁም ነበር። ሱቅ ስጠይቅ "ለሴት ሮዝ አለን" ነው የሚሉኝ።

ሂሳብ አይዋሽም | ደሴ

እኔ ደግሞ ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ውይይቱን ስከታተል ነበር። ሁላችሁም ስለ ፊክሲና ፍሪዊል ታወራላችሁ፤ ማንም ስለ 46 እና 16 አላነሳም። ለወሎ መንገድ ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ እሱ ነው።

የዚያ ሳይክል ጎማ ዙሪያው 2.1 ሜትር ገደማ ነው። 46 ሲካፈል 16 ወደ 2.9 ይመጣል። ስለዚህ ፔዳሉን አንድ ዙር ስታዞር 6 ሜትር ትሄዳለህ። ሜዳ ላይ ይህ ቆንጆ ነው፤ በደቂቃ 60 ዙር በዝግታ እየረገጥክ በሰዓት 21 ኪሎ ሜትር ተኩል ትሄዳለህ። ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ማን ይይዝሃል?

አሁን ደሴ አምጣው። ከተማችን ጦሳ ስር ተሸጉጣ፣ አንድ መንገድ ካልወጣ ይወርዳል። ዳገት ላይ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ትሄዳለህ እንበል። በ46 በ16 ያ በደቂቃ 22 ዙር ነው። 22 ዙር መርገጥ አይደለም፣ በአንድ እግር ደረጃ መውጣት ነው። ጉልበትህ ይጮሃል፣ ሳይክሉ ግራ ቀኝ ይወዛወዛል፣ ተማሪው ይስቃል። ከ2,400 ሜትር በላይ ያለው አየር ደግሞ ምን እንደሚያደርግ ከቆላ የመጣ ፍሬሽ ሁሉ ይመሰክራል።

መፍትሄው የኋላውን ጥርስ ማብዛት ነው። 20 አድርገው። አሁን በአንድ ዙር የምትሄደው 4.8 ሜትር ገደማ ነው። ያው ዳገት ወደ 28 ዙር ይሆናል። ከባድ ነው፣ ግን ይወጣል። 22 ካገኘህ ደግሞ የተሻለ።

እዚህ ጋ ነው ፊክሲና ፍሪዊል የሚለያዩት። ለዳገቱ ብለህ ጥርሱን ስታቀለው ቁልቁለቱ ላይ ምን ይመጣል? በ46 በ20 በሰዓት 40 ብትወርድ ፔዳሉ በደቂቃ ወደ 138 ዙር ይዞራል። ፍሪዊል ያለው ሰው እግሩን አሳርፎ ነፋሱን ይቀበላል፣ አያገባውም። ፊክሲ የያዘው ግን 138ቱንም አብሮ ይዞራል። ቁልቁለቱን ለማዳን 16 ላይ ከቆየህ ደግሞ 110 ይሆናል፤ ያን ጊዜ ዳገቱን አትወጣውም። ፊክሲ ላይ የአንዱን ምቾት ከሌላው ነው የምትነጥቀው። ሜዳ አገር ይህ ችግር የለም። ደሴ ላይ ግን በየቀኑ አለ።

የቦርከና ልጅ | ኮምቦልቻ

ቲቸር፣ እርስዎ ኮርስ ላይ ቢመደቡልኝ ኖሮ ፊዚክስ ኤ ነበረኝ። አንድ ጥያቄ። ለኮምቦልቻ 16ቱን ትቼ ለደሴ 20 ብቀያይርስ? ሁለት ወገን ስላለው አንዱ ላይ 16 ፊክስ፣ ሌላው ላይ 20 ፍሪዊል?

ሂሳብ አይዋሽም | ደሴ

ጎበዝ። የሃቡ ጥቅም እሱ ነው።

ይህ አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። ቱር ደ ፍራንስ የሚባለው የፈረንሳይ የሳይክል ውድድር ላይ ማርሽ መቀየሪያ የተፈቀደው በ1937 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ተወዳዳሪዎቹ የኋላው ጎማ ላይ ግራና ቀኝ የተለያየ ጥርስ ያስገጥሙና ተራራው ስር ሲደርሱ ወርደው፣ ጎማውን ፈተው፣ ገልብጠው ይወጡ ነበር። የአልፕስ ተራራ ላይ፣ በዝናብ፣ በቀዘቀዘ እጅ። አንተማ ወንድምህ ሻይ እያፈላልህ ነው የምትገለብጠው።

ካቴና | ኮምቦልቻ

ሃሳቡ ጥሩ ነው፣ አንድ ነገር ግን ልጨምር። ጥርሱ ሲበዛ ሰንሰለቱ ብዙ ይጠቀለላል። ስለዚህ የጎማው መሃል ወደፊት መጠጋት አለበት፤ በአንድ ጥርስ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ። ከ16 ወደ 20 ስትሄድ 13 ሚሊ ሜትር ግድም ሆነ። ጎማው የሚታሰርበት ስንጥቅ በጎን የተኛና ረዘም ያለ ከሆነ ይበቃሃል። አጭር ከሆነ ወይም ወደታች ቀጥ ብሎ የወረደ ከሆነ አይሆንም። ልዩነቱን 2 ጥርስ ብታደርገው፣ ማለትም 16 እና 18፣ ሳትሳቀቅ ትገለብጣለህ። ጎማው ወደፊት ሲመጣ የኋላ ፍሬኑ ላስቲክም ከቸርኬው (ጎማው ከሚቀመጥበት ክብ) ጋር እንዲገጥም መስተካከል አለበት። ሰው ይህን ይረሳና ላስቲኩ ጎማውን እየበላ ይከርማል።

የሰንሰለቱ ልክ ደግሞ እንዲህ ነው። ጎማውን አስረህ መሃሉ ላይ በጣትህ ከፍ ዝቅ አድርገው። አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ይንቀሳቀስ። እንደ ክራር ገመድ ከጠበቀ ኩሽኔታውን ይጨርሳል። ከላላ ይወልቃል። ፍሪዊል ላይ ቢወልቅ እጅህን ታቆሽሻለህ፣ በቃ። ፊክሲ ላይ ሲወልቅ ግን ጥርሱና ፍሬሙ መሃል ተቀርቅሮ የኋላውን ጎማ ቀጥ ሊያደርገው ይችላል።

ላውንጅ ቁጭ | ኮምቦልቻ

ቆይ፣ ስኪድ የሚሉትስ? ቪዲዮ ላይ የኋላውን ጎማ ቆልፈው ሽሽሽ እያሉ የሚንሸራተቱት። እሱ ካልተቻለ ፊክሲ ምን ያደርጋል?

ጦሳ ንፋስ | ደሴ

ይቻላል። ክብደትህን ወደፊት ትጥልና እግርህን ትቆልፋለህ። እግርህ ግን ፔዳሉ ላይ በማሰሪያ መያዝ አለበት፤ አለዚያ ይወረወራል። ማሰሪያ የሌለው ፊክሲ ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ አንዴ ካመለጠህ አትይዘውም፣ ቁርጭምጭሚትህን ነው የሚፈልገው።

ጎማ ግን ይበላል። የሚበላበትን ቦታ ብዛት ደግሞ ጥርሱ ነው የሚወስነው። 48 በ16 ካደረግክ ልክ 3 ለ 1 ስለሆነ፣ እግርህን አንድ ቦታ በቆለፍክ ቁጥር ጎማው የሚንሸራተተው ሁልጊዜ በዚያችው ቦታ ላይ ነው። ቶሎ ትቀደዳለች። 46 በ16 ግን ወደ 23 በ8 ይቀላል፤ 8 ቦታ ላይ ይዳረሳል። ሻጩ 46 ያደረገው አውቆ ይሁን በአጋጣሚ፣ ለአንተ በጀህ። ለማንኛውም ስስ ጎማ እዚህ እንደ ልብ አይገኝም፤ የምትንሸራተተው በብርህ ላይ ነው። ከፊት ፍሬንም በተሻለ አያቆምህም። ስትቆም ክብደትህ ወደፊት ስለሚሄድ ዋናው የመቆም ጉልበት ያለው የፊቱ ጎማ ላይ ነው።

ሐረጎ ቁልቁል | ኮምቦልቻ

ዘግይቼ መጣሁ። ኮርስ ሳይክል ነው የምነዳው፣ ማርሽ ያለው። ደሴ ኮምቦልቻን ደጋግሜ ወጥቼ ወርጃለሁ። ልጁ "በመኪና ጭኜ" ቢልም አንድ ቀን ከደሴ ሲመለስ "ቁልቁለት እኮ ነው፣ ብወርደውስ?" ማለቱ አይቀርም። እኔም ተማሪ ነበርኩ። ስለዚህ ከአሁኑ ልናገር።

ሐረጎን በፊክሲ አትውረድ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከደሴ ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ትወርዳለህ። ጠመዝማዛው ላይ የጭነት መኪናው መዞሪያውን ሙሉ ይዞ ነው የሚመጣው። በስተቀኝህ የት እንደምትሸሽ አስቀድመህ ካላየህ ያን ሰዓት አታገኘውም። ቲቸር ያሉትን 110 ዙር እግርህ ለአጭር ጊዜ ይችለው ይሆናል። እሱን እየቻልክ ግን መዞሪያ ላይ ፔዳሉን ከፍ አድርገህ ሳይክሉን ማዘንበል አትችልም፤ የውስጠኛው ፔዳል አስፋልቱን ይነካና ያነሳሃል። ፍሪዊል ያለው ሰው የውስጡን ፔዳል ወደላይ አድርጎ ይዞራል።

በፍሪዊልም ቢሆን ሁለት ፍሬን ከሌለህ አታስበው። ፍሬኑን አንቀህ ይዘህ አትውረድ፣ ቸርኬው ይግላል፣ ካላማዳሪው ሊፈነዳ ይችላል። ያዝ፣ ፍጥነቱን ቀንስ፣ ልቀቅ፣ ይቀዝቅዝ። ጉም ከወረደ ደግሞ ቀሽም ጀግንነት ነው። ክረምት ብቻ አይምሰልህ፣ የበልግ ዝናብም አለ። ቸርኬ ሲረጥብ ላስቲኩ መጀመሪያ ውሃውን ይጠርጋል፣ ከዚያ ነው የሚይዘው። እስኪይዝ ድረስ ያለው ርቀት ያስደነግጣል።

ላውንጅ ቁጭ | ኮምቦልቻ

መውጣቱስ?

ሐረጎ ቁልቁል | ኮምቦልቻ

በባለ አንድ ማርሽ? ጽጋቡ ግርማይ መሰልኩህ እንዴ? እሱም እኮ በ2016 እ.ኤ.አ. ቱር ደ ፍራንስ የገባው ማርሽ ባለው ሳይክል ነው።

የቦርከና ልጅ | ኮምቦልቻ

ሐረጎን ተውኩት፣ ወላሂ። እናቴ ይህን ውይይት ብታነብ ሳይክሉንም ትከለክለኛለች።

ነገሩን ሳስበው እንዲህ ላደርግ ነው። ኋላ ፍሬን የሚታሰርበት ካለው እገዛዋለሁ። በ18 ፍሪዊል፣ በሁለት ፍሬን እጀምራለሁ። ፊክሱን ለቅዳሜና እሁድ፣ ግቢው ባዶ ሲሆን። ጦሳ ንፋስ ይቅርታ፣ ግማሽ ደቀ መዝሙር ነው ያገኘኸው።

ጦሳ ንፋስ | ደሴ

ግማሹም ይበቃኛል። እኔ ራሴ ደሴ ከመጣሁ በኋላ በፍሪዊል ነው የምነዳው፣ ለማንም አትንገር። ኮምቦልቻ ብኖር ግን እገለብጠው ነበር።

ካቴና | ኮምቦልቻ

ገንዘቡን ሳትሰጠው በፊት የኋላውን ጎማ ከፍ አድርገህ ፔዳሉን በእጅህ ቀስ ብለህ አዙር። ሰንሰለቱ አንድ ቦታ ላይ ጠብቆ ሌላ ቦታ ላይ የሚላላ ከሆነ የፊቱ ጥርስ ተጣሟል ወይም ተበልቷል። የጥርሱን ጫፍ እይ፤ እንደ ሻርክ ክንፍ ወደ አንድ ጎን ከተሳለ አልቋል ማለት ነው። በፊክሱ በኩል ያቺን መቆለፊያ ቀለበት እያት፣ አፏ በመዶሻ የተቀጠቀጠ ከሆነ መፍቻ በሌለው ሰው እጅ ነበረች። ከዚያ የፊት ጎማውን ያዝና ግራ ቀኝ ነቅንቀው፣ ኩሽኔታው ቀጭ ቀጭ ካለ ዋጋ ቀንስበት።

ሰኞ ባቲ ገበያ ነኝ፣ አታገኘኝም። ማክሰኞ አምጣው፣ አብረን እናየዋለን። ሻጩም ይምጣ።

የቦርከና ልጅ | ኮምቦልቻ

እሺ ጋሼ፣ ማክሰኞ ከክላስ በኋላ። ቁልፍስ ምን ልግዛ?

ካቴና | ኮምቦልቻ

ወፍራሙን ሰንሰለት። ፍሬሙንና የኋላውን ጎማ አብረህ እሰር። ስሱን ገመድ በሽቦ መቁረጫ ነው የሚጨርሱት። ማታ ማታ ቤት አስገባው።

ሐይቅ ዳር | ደሴ ግቢ

እኔም ላስቸግራችሁ። ሰንሰለቱ የተሸፈነ የሴት ሳይክል አንድ ሰው አሳይቶኛል፣ የሚፈልገው ዋጋም ደህና ነው። ግን የኋላው ጥርስ 16 ነው አለኝ። የፊቱን አልቆጠርኩትም። ደሴ ውስጥ 20 ወይም 22 ጥርስ ፍሪዊል የት አገኛለሁ?

ጦሳ ንፋስ | ደሴ

መጀመሪያ የፊቱን ቁጠሪው። እንዲህ ዓይነት ሳይክል ላይ ከ46 ሊያንስ ይችላል፤ 40 ወይም 42 ከሆነ 18 ራሱ ይበቃሽ ይሆናል። ሽፋኑም ትልቅ ጥርስ የሚያስገባ ቦታ እንዳለው ተመልከቺ፤ 22 ሊነካው ይችላል። ባለ 18ቱን እዚሁ ደሴ ሰኞ ገበያ ሰፈር አካባቢ አይቻለሁ። 20 ካገኘሁ እዚሁ እጽፍልሻለሁ።